ከኋላ የቆሙት

ሜክሲኮን በፊልም እንጂ በእግሬ አላውቃትም። ይህን ስል ኮምቦልቻ ያሉ ጎረቤቶቼ አዲስ አበባ ያለውን አደባባይ የማወራ ይመስላቸዋል። የኔዋ ሜክሲኮ ጥቁርና ነጭ ናት። ወንዶቿ ሰፋፊ ባርኔጣ ደፍተው በፈረስ ላይ ይዘፍናሉ፤ ሴቶቿ ሁለት ጉንጉን ፀጉር በደረታቸው ለቀው ያለቅሳሉ፤ ባለመሬቱ ገበሬውን ይገርፋል፤ መጨረሻ ላይ አንዱ በጥይት ይወድቃል። በደቡብ ወሎ ምድር እንደኔ የድሮ የሜክሲኮ ፊልም የጠገበ ሰው ካለ ይምጣና እንፎካከር። ጉራ ነው ካላችሁም ይሁን። የምኮራበት ነገር ጥቂት ስለሆነ ይቺን አትንኩብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በሚሊሻነት ዘምቶ ምሥራቅ ግንባር ቀረ፣ አላህ ይርሐመው። ያኔ መንግሥት የዘማች ልጆችን እየሰበሰበ ለትምህርት ኩባ ይልክ ነበር። እኔም በአሥራ አንድ ዓመቴ ከሐርቡ በላይ ካለው መንደራችን ተነስቼ ባሕር ተሻገርኩ። ስፓኒሹን በስድስት ወር አቀላጠፍኩት። ሆዴ እንጂ ምላሴ ሰንፎ አያውቅም፤ ሆዴ የኩባን ጥቁር ባቄላ ለመልመድ ዓመት ፈጀበት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በምግብ አዳራሹ ባለችው አንዲት ቴሌቪዥን የሜክሲኮ ፊልም ይታይ ነበር። ፊልሞቹ እኛ ሳንወለድ የተሠሩ ናቸው፤ ግን ለእኛ አዲስ ነበሩ፤ ወንበር ለመያዝ እንጋፋ ነበር።

እኔን ያሳበደችኝ አንዲት ተዋናይት ናት። ነጭ ናት፤ ዓይኗ ትልቅ፣ ቅንድቧ እንደ ክር የቀጠነ። በየፊልሙ ግን የባላገር ልጅ ትሆናለች፤ ያውም ስፓኞች ከመምጣታቸው በፊት ከነበረው ከነባሩ ሕዝብ የተወለደች ደሃ። ባዶ እግሯን ሸክላ ተሸክማ ገበያ ትወርዳለች፣ ትሰደባለች፣ ታለቅሳለች። እኔም የባላገር ልጅ ነኝ፤ እኔም ገበያ ወርጃለሁ። ስለዚህ እሷን መሰልኩ ብዬ አንድ ቀን ከጓደኛዬ ምላጭ ተውሼ ቅንድቤን ላጨሁት። ማቅጠን ነበር ሐሳቤ፤ እጄ ተሳስቶ አንዱን ጨርሼ አጠፋሁት። ለአንድ ወር ግንባሬን በሻሽ ሸፍኜ ተማርኩ።

የወጥ ቤቱ ኃላፊ ጥቁር ኩባዊት ነበረች፤ ወፍራም፣ ቁጡ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የምትጣላ። ሽርጧን ሳትፈታ ከጎናችን ቁጭ ትልና "ይቺ ሴት ደሃ ስትሆን ስንተኛዋ ነው? እጇን እዩትማ፤ ሳህን አጥቦ ያውቃል?" ትላለች። እኛ "እሽ!" እንላታለን። አንድ ቀን እኔን በአገጬ ይዛ ፊቴን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረችና "እሷን ተያት፤ ከኋላዋ ያሉትን እዪ" አለችኝ። አየሁ። ከተዋናይቷ ኋላ፣ ብርሃኑ በደንብ በማይደርስበት ቦታ፣ ፊታቸው ጠይም፣ ጉንጫቸው ሰፊ፣ እግራቸው የተሰነጠቀ ሴቶች ቆመዋል። ዝም ብለው ቆመዋል። "መንደሩ የነሱ ነው። ታሪኩም የነሱ ነው። አፍ ግን አልሰጧቸውም" አለች ሴትዮዋ፣ ከዚያ ባቄላዋን ልታማስል ሄደች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔ ተበላሸ። ፊልም እንደ ሰው ማየት አልቻልኩም፤ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የማየው። ከነባሩ ሕዝብ አንዱ አንድ ቃል እንዲናገር ሲፈቀድለት እንኳን በተሰበረ ስፓኒሽ፣ እንደ ሕፃን እየተንተባተበ እንዲናገር ያደርጉታል፤ በገዛ አገሩ ተብታባ ይሆናል። ጥቁር ሰው ካስፈለገማ ጉድ ነው፤ አገሩ ውስጥ ጥቁሮች እያሉ ነጩን ጥላሸት ቀብተው ያመጡታል። እንዲህ ያለ ፊልም የታየ ቀን ያቺ ሴትዮ ለቴሌቪዥኑ ጀርባዋን ሰጥታ ሩዝ ስትለቅም ዋለች። እኛ የሐበሻ ልጆች ደግሞ እርስ በርስ ተያየን።

ሆኖም ፍቅሬን አልክድም። እነዚያ ፊልሞች ባይኖሩ ገበሬ የፊልም ጀግና መሆን እንደሚችል፣ ሸማና ሸክላ፣ በቆሎና አቧራ በትልቅ መስኮት መታየት እንደሚችሉ ማን ይነግረኝ ነበር? ፊልም ሠሪዎቹ የራሳቸውን መንደር ወደውት ነው የቀረጹት። የወደዱትን መንደር ባለቤቶች ግን ከኋላ አቆሟቸው። ይሄን ሁለቱን ነገር አንድ ላይ መያዝ ለብዙ ዓመት ከበደኝ፣ አሁንም ይከብደኛል።

በሃያ ሁለት ዓመቴ መካኒክ ሆኜ ተመለስኩና ኮምቦልቻ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ገባሁ። እዚያው አረጀሁ። ስሜ ተረስቶ "ኩባ" ተባልኩ። ስፓኒሹን የማናግረው ሰው ስላልነበረ ማሽን ሲበላሽብኝ በሱ እሳደብበት ነበር፤ ቢያንስ አለቃ አይሰማኝም። ጡረታ ወጣሁ፤ ልጅ አልወለድኩም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ብቻዬንም አልቀረሁም። የታናሽ እህቴ ልጅ ከኔ ጋር ትኖራለች። እህቴ ባሏ ሞቶባት እዚያው ከሐርቡ በላይ አንድ ላምና አንድ ጥማድ ማሽላ ይዛ ብቻዋን ቀርታለች፤ ልጅቱ ያለቻት አንድ ነች። ልጅቱ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጠረች። እናቷን ጥላ የመጣችበት ቀን እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ይቺ ልጅ የሰው አኳኋን ትቀዳለች። ሱፐርቫይዘሯን፣ የሚኒባሱን ረዳት፣ ዘካ ሊጠይቅ የሚመጣውን ሽማግሌ፣ እኔን ጭምር። ከፈረቃ ስትመለስ ማታ ማታ በስልኳ የድሮዎቹን የሜክሲኮ ፊልሞች ፈልጋ ታመጣልኛለች፤ እኔ በአማርኛ እተረጉምላታለሁ፤ የወንዱንም የሴቱንም የፈረሱንም ድምፅ እኔው ነኝ። ፊልሙ ሲያልቅ እሷ ተነስታ ሁሉንም ደግማ ትጫወተዋለች። ባለመሬቱን ስትሆን እውነት ያስፈራል። ያቺን ቅንድበ ቀጭኗን ስትሆን ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። "አክስቴ፣ እኔ ተዋናይ ብሆን ምን ይለኛል?" አለችኝ አንድ ቀን፤ "ምንም አይልሽም፤ ሁኚ" አልኳት።

ወሬው የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ደሴ ላይ ለተዋናይ ኦዲሽን እንደሚያደርጉ ሰማን። ፊልሙ ወደ አረብ አገር ለሥራ ስለምትሄድ የወሎ ገጠር ልጅ ነው፤ ቀረጻው ሐርቡ አካባቢ ነው ተባለ። ልጅቱ ከፋብሪካው ፈቃድ ለመነች፤ ሚኒባስ ይዘን ዳገቱን ወጣን። ደሴ እንደ ልማዷ በጉም ተጀቡና ጠበቀችን። እኔ በኮምቦልቻ ቀሚሴ ተንቀጠቀጥኩ፤ እሷ ግን ላብ በላብ ሆናለች።

ዳይሬክተሩ ሰላሳ ዓመት የሚሞላው ትሁት ልጅ ነው። "እናቴ፣ እዚህ ይቀመጡ፤ ይብረድዎታል" ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ልጅቱን "የምትሄደውን ልጅ የምትሰናበት ጎረቤት ሁኚ" አላት። ቆማ ትንሽ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ጀመረች። ስታወራ የሐርቡ ገበያ መጣ፤ "ኸረ አብሽሪ፣ አላህ አለ" ስትል፣ ለቅሶዋን በሻሿ ጫፍ ስትጠርግ፣ ከጎኔ የተቀመጠችው የቀረጻ ሠራተኛ ዓይኗን አበሰች። ዳይሬክተሩም ተነስቶ አጨበጨበ። እኔማ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ "በጣም ጎበዝ ነሽ። መሪ ተዋናይዋ ግን..." አለና ወደ ጥጉ አየ። መሪዋ ከአዲስ አበባ ተመርጣ መጥታለች፤ እዚያው ጥግ ቁጭ ብላለች፤ ቀይ፣ ለስላሳ፣ መልካም ልጅ። "ተመልካች ወሎ ሲባል የሚጠብቀው መልክ አለ። አንቺን ከመንደሩ ሰዎች ጋር ከኋላ እናቆምሻለን። ደግሞ ንግግርሽ ልክ የአካባቢው ስለሆነ ለመሪዋ ታስለምጂያታለሽ" አላት።

ደሜ ፈላ። "ልጄ፣" አልኩት፣ "ይቺስ የወሎ ካልሆነች የየት ናት?" ወሎን በቁንጅና ሲዘፍኑላት እኮ ስንት ዘመናቸው ነው፤ ቀይ ዳማ፣ ዓይናማ፣ ዞማ እያሉ። ኮርተንበት ኖረናል፤ አልዋሽም። ግን በሐርቡ ቆላ ፀሐይ የጠየመችዋ፣ ከወረባቦ ገደል እንጨት አምጥታ ቢስቲማ ገበያ የምትሸጠው፣ በፈረቃ ዓይኗ የቀላው ሠራተኛዋ፣ እነሱ ወሎዎች አይደሉም? ልጁ "ገብቶኛል እናቴ፤ የፊልም ቋንቋ ነው" አለኝ። የፊልም ቋንቋ ለኔ ሊያስተምር! ልመልስለት አፌን ስከፍት ልጅቱ ክንዴን ቆነጠጠችኝና "እሺ፣ ከኋላም ቢሆን እቆማለሁ" አለችው። ሚኒባስ ተሳፍረን ቁልቁለቱን ወረድን። ምላስዋን ወስደው ፊቷን ተዉት እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ኮምቦልቻ ደረስን።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስትወጣ ደሴ እየወጣች መሪ ተዋናይቷን ንግግር አስጠናቻት። የኔዋ ክፋት አልነበረባትም፤ "ቶሎ ትይዛለች" ትለኝ ነበር። እኔ ግን የልጄ ጉንጭ ቦታ ቦታ እየቀላ መሆኑን አየሁ። መጀመሪያ ሙቀት መሰለኝ። አንድ እሁድ አልጋዋን ሳነጥፍ ከትራሷ ሥር የሚያቀላ ቅባት አገኘሁ፤ ግማሹ አልቋል።

ተቀጣጠልኩ። "ይሄ ምንድነው? የአባትሽን መልክ ነው የምትፍቂው? የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማሽም?" ብዬ ጮህኩባት። አንገቷን ደፍታ "ከኋላም ቢሆን ትንሽ ብቀላ ካሜራው ያየኛል ብዬ ነው" አለችኝ። ይህን ስትል ቁጣዬ ከየት መጥቶ የት እንደገባ አላውቅም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያን የቅንድቤን ነገር ነገርኳት፤ ለማንም አውርቼው አላውቅም ነበር። ሳቅ ለማፈን ብትሞክርም አቃታት። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ "ስልክሽን አምጪ፤ ዛሬ የምተረጉምልሽ ከኋላ ያሉትን ነው" አልኳት።

ብዙ ጊዜ ያየነውን ፊልም ከፈትን። ተዋናይቷ ስትናገር ዝም አልኩ፤ ባለመሬቱ ሲፎክር ዝም አልኩ። ጣቴን ከኋላ ባሉት ላይ እያሳረፍኩ "ይቺ ልጇን አዝላለች፤ ልጁ ካሜራውን ፈርቶታል። ያኛው ሽማግሌ ባርኔጣውን ተዋስ የተባለ ይመስላል፤ ሰፍቶታል። እነዚህ ሁለቱ እህትማማች ሳይሆኑ አይቀሩም" እያልኩ ሄድኩ። የቀብር ቦታው ላይ ስንደርስ ሙዚቃ ይጫወታል፤ ከኋላ አንዲት አሮጊት ቆመው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ልጅቱ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። "እሳቸው ምን እያሉ ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት፤ እውነቴን ነው። "ስፓኒሽ አይደለም። የራሳቸው ቋንቋ ይሆናል። ድምፃቸውን የቀዳው ሰው የለም።"

ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሳ አየችው። ከዚያ ተነስታ ፊቷን በሳሙና ታጠበች። ቅባቱን ምን እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤት ውስጥ አላየሁትም።

የቀረጻው ቀን ሐርቡ እንደ ምድጃ ይጋግራል። ቀረጻው ከእህቴ ቤት ብዙ አይርቅም፤ እህቴ ግን ላሟ ልትወልድ ስለነበር አልመጣችም። አርባ የሚሆኑ የመንደሩ ሰዎች ሽማግሌ፣ ሴት፣ ጎልማሳ ሳይባል ከዋርካው ሥር ተሰብስበዋል፤ የኔዋም ከነሱ መሃል ሻሿን አስራ ቆማለች። እኔ ከካሜራው ኋላ በርጩማ ተሰጥቶኛል። ትዕይንቱ የስንብት ዱአ ነው፤ ልጅቷ ወደ አረብ አገር ልትሄድ ነው፣ አንድ ሽማግሌ ዱአ ያደርግላታል፣ እሷም ታለቅሳለች። ሽማግሌውን የሚጫወተው ከደሴ የመጣ ተዋናይ ነው። የመንደሩ ሰው ዝም ብሎ እንዲቆም ታዟል፤ ከሽማግሌውና ከልጅቷ ድምፅ ሌላ አይፈለግም፣ በኋላ ሙዚቃ ይገባል።

ተዋናዩ እጁን ዘርግቶ "አላህ በሰላም ያግባሽ" አለ።

"አሚን" አለ መንደሩ በሙሉ፣ መዳፉን ዘርግቶ።

ቀረጻው ተቆረጠ። ዳይሬክተሩ በትሕትና ዝም እንዲሉ ለመነ፤ እሺ አሉት። እንደገና ተጀመረ። "አላህ በሰላም ያግባሽ።" "አሚን።" ተቆረጠ። እንደገና ተጀመረ፤ አሁን ወንዶቹ ችለው ዝም አሉ፣ ሴቶቹ አመለጣቸው። በአራተኛው ሴቶቹ አፋቸውን በሻሽ ይዘው "አሚን" ከሻሹ ሥር ወጣ። እኔ በርጩማው ላይ ሆኜ ሳቄን መዋጥ አቃተኝ። ዳይሬክተሩ ላቡን እየጠረገ "አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ፊልም እኮ ነው" አለ። አንድ ከፊት የቆሙ ሸኽ "እናውቃለን ልጄ" አሉት፤ "ዱአው ግን ዱአ ነው። አሚን ሳይባል ከቀረ ለልጅቱ ደግ አይደለም።"

ከዚህ በኋላ መቼም የሚከራከር የለም። ልጁ ትንሽ አሰበና መልካም ነገር አደረገ፤ ተዋናዩን አስቀመጠው። በመንደሩ ዱአ ወደሚመሩት አሮጊት ሄዶ፣ ዱበርቲ ነው የምንላቸው፣ እጃቸውን ስሞ "እንግዲያው እርስዎ ያድርጉላት፤ ለምትሄደው ልጅ፣ እንደ ልማድዎ። ሁላችሁም አሚን በሉ" አላቸው። መሪዋ ተዋናይት በብርሃኑ መሃል አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ቆማለች። ካሜራው ተነሳ።

አሮጊቷ በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ መጡ። መሪዋ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው አዩዋት፣ ፈገግ አሉላት፣ በትከሻዋ መታ መታ አደረጓትና አልፈዋት ሄዱ። ወደ ኋላ፣ ወደ ሕዝቡ ገቡ። ፊት ለፊት የኔዋን ልጅ አገኙና እጃቸውን በራሷ ላይ ጫኑ። ዳይሬክተሩ ደንግጦ "እናቴ፣ የምትሄደው ያቺኛዋ ናት" ሲል ዞር ብለው "ያቺማ እንግዳችን ናት" አሉት። "የምትሄደዋ ይቺ ናት። የሚሄዱትን መች አጣኋቸው፤ ስንቷን ሸኝቻለሁ።"

እንዲህ ብለው ዱአቸውን ጀመሩ። እኔ ሕይወቴን ሙሉ ዱአ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያለ አልሰማሁም። ባሕሩን አንስተው፣ አሰሪዋን አንስተው፣ ሌሊቷን አንስተው፣ ሄደው ያልተመለሱትን አንድ በአንድ አንስተው ለመኑላት። መንደሩ "አሚን" ሲል የዋርካው ወፍ ተነሳ። ልጅቱ መጀመሪያ ግራ ገብቷት ወደ ካሜራው አየች፤ ከዚያ ካሜራውን ረሳችው። አንገቷን ደፍታ ማልቀስ ጀመረች። ዱአው ሲያልቅ ቀና አለችና፣ ማንም ሳያዛት፣ ማንም ሳይጽፍላት፣ ለቆሙት ሁሉ "እማየን አደራ፤ ብቻዋን ናት። ወላሂ ብቻዋን ናት" አለች።

ቀረጻውን ቁረጡ የሚል አልነበረም። መሪዋ ተዋናይት ራሷ ብርሃኑን ትታ ከሕዝቡ ጋር ቆማ ፊቷን በመዳፏ እያበሰች ነው፤ አላህ ይባርካት፣ ከልቧ ጥሩ ልጅ ናት። ዳይሬክተሩ ቀረጻው ሲቆም መጥቶ ከልጅቱ ፊት ቆመና በሁለት እጁ ጨበጣት። እኔ በበኩሌ ለሚሰማኝ ሁሉ "የእህቴ ልጅ ናት" ስል ዋልኩ። የካሜራውን ባትሪ ለሚቀይረው ሰው ሁለት ጊዜ ሳልነግረው አልቀረሁም።

ከአሥር ቀን በኋላ ስልክ ተደወለ። ዳይሬክተሩ ነው። ልጅቱ በምሳ ሰዓቷ እቤት መጥታ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጋው እኔም ሰማሁ። ያቺን ትዕይንት ሊያስቀራት እንዳልቻለ፣ ታሪኩን እንዳስተካከለላት፣ እሷን የመሪዋ እህት እንዳደረጋት፣ ሁለቱም እንደሚሄዱ ተናገረ። "እሰይ" ልል ስል ቀጠለ። "አንድ ነገር ብቻ አለ። ድምፅሽን በሌላ ሰው እናስቀዳዋለን። አነጋገሩ ለአዲስ አበባ ተመልካች ትንሽ ይከብዳል፤ ጠራ ያለ አማርኛ እናደርገዋለን። ፊትሽ ግን ይታያል።"

እውነቱን ልናገር። እኔ፣ ያን ሁሉ ስፎክር የነበርኩት፣ በእጄ "እሺ በዪ፣ እሺ በዪ" እያልኩ ጠቆምኳት። ፊቷ ይታያል ሲል ይቺኛዋም ዕድል እንዳታመልጣት ፈራሁ። ልጅቱ እጄን አየችው፤ ከዚያ ከስልኩ ጋር ወደ በሩ ዞረች።

"ወንድሜ፣" አለችው፣ ሳትቆጣ፣ "ድምፄን ካነሳህ ፊቴንም አንሳው። እማየን አደራ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ስለ እናቴ አደራ አይልልኝም።"

"ላስብበት" አለና ዘጋው። ልጅቱ ሰዓቷን አየች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ወደ ፋብሪካዋ ሄደች። እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አፈርኩ፤ ሐፍረቴ ግን ብዙ አልቆየም፣ ኩራቱ በለጠው። ከኔ አልተማረችውም፤ ይህን ለራሴ መናገር ነበረብኝ። እኔ ከኋላ ያሉትን ማየት አሳየኋት እንጂ ከኋላ ሆኖ እንዴት እንደሚነገር አላውቅበትም ነበር።

ልጁ ከዚያ በኋላ አልደወለም። ሁለት ወር ሙሉ አስቀርቷት ይሁን፣ ድምፅዋን ቀይሮት ይሁን አናውቅም። እሷ "ከቀረም ይቅር" ትላለች፤ ማታ ግን ስልኳን ደጋግማ ፈትሻ ነው የምትተኛው። በመጨረሻ አንድ አጭር መልእክት መጣ፤ ፊልሙ ደሴ ይመረቃል፣ ከቤተሰብሽ ጋር ነይ ይላል። ስለ ድምፁ አንድም ቃል የለበትም።

እህቴን ከሐርቡ አስመጣናት። በዕድሜዋ ሲኒማ አዳራሽ ገብታ አታውቅም፤ ጥጃውን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ የኢድ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ስለ ስልኩ ጭቅጭቅ አልነገርናትም። እኔ በመሃል፣ እህቴ በቀኜ፣ ልጅቱ በግራዬ ተቀመጥን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊልሙ ሲጀምር ልጅቱ እጄን ያዘች።

ዋርካው መጣ። አሮጊቷ መጡ፣ መሪዋን አልፈው ሄዱ። አዳራሹ ሳቀ። የልጄ ፊት ያን የሚያህለውን ግድግዳ ሞላው፤ ጠይም፣ በላብ የራሰ፣ የአባቷን ጉንጭ የያዘ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። እሷ ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ሲከፈት የወጣው የራሷ ድምፅ ነበር፣ ያው የቤቷ ድምፅ፣ ከነስንጥቁ።

"እማየን አደራ፤ ብቻዋን ናት። ወላሂ ብቻዋን ናት።"

እህቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። "ደህና ነኝ ልጄ" አለቻት፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፣ ወደ ግድግዳው። "አብሽሪ፣ ደህና ነኝ።"

ተቀመጪ ያላት ሰው አልነበረም።